የኡናይ አሥር ደቂቃ

ተረት ተረት። ላሙም በረቱም ይቅር፤ የዛሬው የኳስ ሜዳ ተረት ነው።

በስፔን አገር ሴቬሪኖ የሚባሉ ልባቸው የታመመ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ኡናይ ጎበዝ ተከላካይ ነው፤ ግን ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ሽማግሌው አንዲት ነገር ብቻ ተመኙ፤ ሳይሞቱ ልጃቸው አሥር ደቂቃ ሲጫወት ማየት።

ወደ አሰልጣኙ ሄዱ። «ጌታዬ፣ ልጄን አሥር ደቂቃ ያሰልፉልኝ።»

«ፕሬዚዳንቱ ካልፈቀደ አላሰልፍም።»

ወደ ክለቡ ፕሬዚዳንት ሄዱ። «አሰልጣኙ አላሰልፍም አለ፤ እርስዎ ይፍቀዱልኝ።»

«ማልያው ካልተሸጠ አልፈቅድም። ጓደኛውን ብሩኖን አያዩም? ኳስ እግሩ ላይ አይቆይም፤ ማልያው ግን ሱቅ ውስጥ አያድርም!»

ወደ ማልያ ሻጯ ሄዱ። «ፕሬዚዳንቱ አልፈቅድም አለ፣ አሰልጣኙ አላሰልፍም አለ፤ አንቺ የልጄን ማልያ ስቀዪልኝ።»

«ስልክ ካላሳየው አልሰቅልም፣ አባባ። ብሩኖ አርባ ሚሊዮን ተከታይ አለው፤ የእርስዎ ልጅ ዘጠኝ ሺህ። ለዘጠኝ ሺህ ሰው ሚስማር አላባክንም።»

ሽማግሌው ደረታቸውን ይዘው ስልኩን ለመኑት። «ሻጯ አልሰቅልም አለች፣ ፕሬዚዳንቱ አልፈቅድም አለ፣ አሰልጣኙ አላሰልፍም አለ፤ አንተ ልጄን አሳይልኝ።»

«ጣት ካልነካኝ አላሳይም» አለ ስልኩ። ስልክ መቼም ይሉኝታ የለውም።

ጣቱስ የት ነው? ደሴ፣ ኳስ ማሳያ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። የእንድሪስ ጣት ነው፤ እንድሪስ የክለቡ ደጋፊ ነው። ሽማግሌው መልእክት ላኩለት። «ስልኩ አላሳይም አለ፣ ሻጯ አልሰቅልም አለች፣ ፕሬዚዳንቱ አልፈቅድም አለ፣ አሰልጣኙ አላሰልፍም አለ፤ አንተ ልጄን ተከተልልኝ።»

«ኧረ አባባ! ሲጫወት ያላየሁትን ሰው ምን ብዬ ልከተል? መጀመሪያ ይሰለፍ!»

እንግዲህ ወዴት ይሂዱ? ዞረው ዞረው አሰልጣኙ ደጃፍ ደረሱ። እዚያው ወድቀው ሞቱ።

ኡናይ የአባቱ ሬሳ ሣጥን ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ አንዱ ቀረጸው። ቪዲዮው ደሴ ገባ። እንድሪስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሠርግ ይቀራል እንጂ ከለቅሶ አይቀርም። «አላህ ያጥናህ ወንድሜ» ብሎ ጻፈና ተከታይ ሆነ። እንደ እሱ ያለው ሁሉ በጣቱ ለቅሶ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ኡናይ ብሩኖን በለጠ።

ጣቱ ነካ፣ ስልኩ አሳየ፣ ሻጯ ሰቀለች፣ ፕሬዚዳንቱ ፈቀደ፣ አሰልጣኙ አሰለፈ። አሥር ደቂቃ የተለመነለት ልጅ ዘጠናውንም ተጫወተ። አንድ አጥቂ እንኳ አላሳለፈም። ሲያበቃ ቀና ብሎ አባቱ ሁልጊዜ ይቀመጡበት የነበረውን የተመልካች ወንበር አየ፤ የማያውቃት ሴት ተቀምጣ ትቀርጸዋለች።

ደሴ ላይ እንድሪስ ጭኑን መታ። «እንዲህ ያለውን ተከላካይ እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው?» አለ። እኔን ከሁሉ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ተረቴን መልሱ፤ ሰው ሳይሞት ድረሱ።