«ና» የሚለው ቃል

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የእኔ ተረት ከአንድ ሳር ክዳን ቤት ይጀምራል።

በዚያ ቤት መከታ የሚባል ገር ውሻና አንዲት አስተዋይ ድመት ይኖሩ ነበር። የቤቱ ጌታ ዘለቀ መከታን «ና!» ብሎ የሚጠራው ጥፋት ሲያገኝበት ብቻ ነው። ውሻው መጀመሪያ ላይ እየሮጠ ሄዶ ዱላ ቀመሰ፤ ኋላ ግን ቃሉን ሲሰማ መደበቅ ለመደ። የዘለቀ ሚስት አስካለ ደግሞ ድመቷን በጠራች ቁጥር ቁራሽ ሥጋ ታቀምሳት ነበር።

አንድ ቀን እሳት ከምድጃው ተነስቶ ጣራውን ያዘ። ሁለቱ እንስሳት አልጋ ሥር ተሸሸጉ። አስካለና ዘለቀ ከደጅ ሆነው ይጣሩ ጀመር።

«ተነስ እንጂ፣ እየጠሩን እኮ ነው» አለችው ድመቷ።

«አንቺን ለጉርሻ ነው» አለ መከታ። «እኔ ምን አጥፍቼ ይሆን?»

«ዛሬስ ሊያድንህ ነው። አትሰማውም? እያለቀሰ ነው!»

«ቃሉ ግን ያው ነው።»

ድመቷ በጭሱ መሃል ሮጣ አስካለ እቅፍ ውስጥ ገባች። ዘለቀ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ፣ ወላፈኑ ፊቱን እየገረፈው፣ «ና መከታዬ! ና የኔ ልጅ!» እያለ ለመነ። መከታ «ና» የሚለውን በሰማ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባውን ለዱላ አመቻቸ። ጣራው ሲወርድም እንደዚያው ነበር።

የሰማ ላልሰማ ያውጋ፤ እኔ ተረቴን እዚህ አኑሬያለሁ።