ጭረት ናት

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ለእናቷ ያልነገረችው፣ ለጓደኞቿ ያልተነፈሰችው፣ ከገዛ ውርንጭላዋም የደበቀችው ምስጢር ነበራት። ምስጢሩ ያለው ታፋዋ ላይ ነው። ስለዚህ የትም ብትቆም ጅራቷን በዚያው በኩል ጥላ ነበር የምትቆመው።

የአገሩ እንስሳት ጨው የሚያገኙት ሆራ ከሚባለው ጨዋማ ምንጭ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ሲሆን፣ አያ አንበሶ ጥበቃውን ለጅብ ሰጥቶታል። ለጅብ ጥበቃ የሚሰጥ ንጉሥ ምን ዓይነት ንጉሥ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። እሱ ግን እንዳይፈረድበት ቀበሮን ቃል አቀባይ አድርጎ ሾመ።

ቀበሮም ሥራውን ያውቅበታል። ጅብ የበግ ጆሮ ሲቆርጥ፣ «ጆሮዋን ነካ አደረጋት» ይላል። ፍየል ከሆራ ሳትመለስ ስትቀር ደግሞ፣ «ትንሽ ዘገየች እንጂ ትመጣለች» አለ። ፍየሏ እስከ ዛሬ እንደዘገየች ነው።

አህያይቱ ከጦጣ ዘንድ ፊደል ቆጥራለች፤ ንግግር ታውቃለች። ግን ዓይን አፋር ናት። ጅብ ታፋዋን የቦጨቃት ቀን እያነከሰች ስትመለስ ቀበሮ መንገድ ላይ አገኛት።

«እትዬ አህያ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ታፋዬን» ማለት አፈረች። «ምንም አይደል። ጭረት ናት» አለችው።

ቀበሮ በደስታ ዘለለ። «አይ ትምህርት! እኔ ስንት ጊዜ ያጣሁትን ቃል አንቺ በአንድ ትንፋሽ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁሉም ነገር ጭረት ሆነ። የበሬ ትከሻ ሲቀደድ ጭረት፣ የበቅሎ ጎን ሲዘነጠል ጭረት። እያንዳንዱም የሌላውን ጭረት እየሰማ፣ «ለካ ጥልቅ ቁስል ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ዝም አለ። አህያይቱ ቃሏን ከቀበሮ አፍ በሰማች ቁጥር መሬት መሬቱን ታያለች።

የሆራ ውሃ ቁስል ያቃጥላል። ስለዚህ ወደ መሃል አትገባም፤ ከዳር ጎንበስ ብላ ትጠጣለች። ለምን እንደማትገባ ሲጠይቋት፣ «ሰው ፊት አፍራለሁ» ትላለች። በዚያ ሰሞን የመንጋው ግማሽ ድንገት ዓይን አፋር ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ቀበሮ ወደ አህያይቱ ቤት ጎራ አለ።

«ልጅሽ ጡት ጣለች አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ! ነገ ወደ ሆራ ትወርዳለቻ። አያ ጅቦ ሰላም ሊላት ጓጉቷል።»

«በምኑ?»

«በጥርሱ ነዋ! ደግሞ እንዳታካብጂው። ጭረት ናት። አንቺው ራስሽ ያልሽው አይደል?»

ቀበሮ እያፏጨ ሄደ። ውርንጭላዋ ወደ እናቷ ተጠጋች። «እማዬ፣ ጭረት ያማል?»

የተማረችው አህያ ጅራቷን ይበልጥ ወደ ታፋዋ ሳበች።

በማግስቱ ጠዋት መንጋው ወደ ሆራ ወረደ። ጅብ ዳር ላይ ተጋድሞ ያይ ነበር፤ እሱ የሚነክሰው ሲመለሱ፣ ሆዳቸው ውሃ ሞልቶ ሩጫ ሲያቅታቸው ነው። ውርንጭላዋን ሲያይ ምራቁን ዋጠ።

አህያይቱ ዳር ላይ አልቆመችም። ጅራቷን ሽቅብ ወርውራ እስከ ታፋዋ ገባች። ጨዋማው ውሃ ቁስሉን ሲያገኘው ተራራው እስኪያስተጋባ አናፋች።

በሬ ደነገጠ። «ምን ሆንሽ፣ እትዬ?»

«ታፋዬን! ጅቡ ታፋዬን ቦጭቆኛል! ጭረት ያልኩት ውሸቴን ነው!»

ቀበሮ እየሮጠ መጣ። «አትስሟት፣ ጨው ቆጥቁጧት ነው! ጭረት ናት!»

ይሄኔ ጅብ ተቆጥቶ ብድግ አለ። «ጭረት? የኔን ንክሻ ነው ጭረት የምትለው? እስከ አጥንት ነው የደረስኩት! የበሬውን ትከሻ ማን ቀደደው? ፍየሏንስ ከነቀንዷ ማን ጨረሳት? ስሜን አታጥፋ!»

«ዝም በል፣ አንተ ደደብ!» አለ ቀበሮ።

ግን መንጋው ሰምቷል። በሬ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ጮኸ። በቅሎም ገባች፤ እሷም ጮኸች። እርስ በርስ ቁስላቸውን አዩ። ከዚያም ባለቀንዶቹ ከፊት፣ ባለኮቴዎቹ ከኋላ ሆነው በአንድ ላይ ወጡ። ጅብ ያን ሁሉ ቀንድ ሲያይ ጭራውን ሸጉጦ ወደ ጫካ ፈረጠጠ። ቀበሮም ሊከተለው ሲል የበሬ ቀንድ ጎኑን አገኘው።

«ኧረ ሞትኩ! ኧረ ገደለኝ!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ።

አህያይቱ ውርንጭላዋን ከፊቷ አስቀድማ በአጠገቡ አለፈች። ጅራቷ ታፋዋን አልሸፈነም።

«አይዞህ አያ ቀበሮ፣» አለችው፤ «ጭረት ናት።»

ከዚህ የምንማረው የራሱን ቁስል አሳንሶ የሚጠራ ወደ ገዛ ልጁ የሚወስደውን መንገድ ለነካሹ እንደሚጠርግለት ነው።