ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚጮኸው መኪና

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሹፌር በገዛ መኪናው ድምፅ ምክንያት እንጀራውን ሊያጣ ደረሰ። የገዛ መኪናው ስል እንኳ የሚነዳውን ማለቴ ነው፤ ጌትየውስ ሌላ ናቸው። ሹፌሩ ይመር ይባላል፤ ሰባት ዓመት ያችኑ የጭነት መኪና ሲነዳ አንዲት ዶሮ አልገጨም። ባለንብረቱ ደግሞ አቶ አረጋኸኝ ናቸው።

አቶ አረጋኸኝ በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። ግን ሃያ ዓመት ወፍጮ ቤት ስለነበራቸው፣ ሞተር ነክ ነገርን ሁሉ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ይመር ሲሚንቶም ይጫን ጤፍ፣ እሳቸው ከጎኑ ጉብ ይላሉ፤ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው መንዳት ያስተምሩታል። «ቀስ በል። ቀኝህን ያዝ። ያቺን ላም አየሃት?» ላሚቱ እኮ ማዶ ሜዳ ላይ ሣር እየጋጠች ነው።

መቼም እሱስ ይቻላል፤ ያልተቻለው ድምፁ ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ኩርባ ላይ፣ ልክ ፍሬን ሲያዝ፣ ከቀኙ የፊት ጎማ በኩል «ቋ» ይላል። አክስሉ ነው ተባለና ኩሽኔታው ተቀየረ። ቋ። የፍሬን ሸራው ተቀየረ። ቋ። ባሌስትራው ወርዶ ተሠርቶ ተመለሰ። ቋ፤ ያውም ብሶበት። ይመር «ጋሼ፣ እርስዎ የሌሉ ቀን እኮ አይጮህም» ቢላቸው፣ «ጆሮህ ለምዶት ነው» ይሉታል። ያለ እሳቸው እንዳይፈተሽ ደግሞ መኪናው ተሞክሮ እስኪመለስ ከወንበራቸው ንቅንቅ የለም።

ያን ቀን ታዲያ ጋራዡ መሀል ሰው ሁሉ እየሰማ ቆርጠው ነገሩት። «ስማ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየነዳህ አክስሉን የገደልከው አንተ ነህ። ዛሬ ከዚህ መኪና ላይ ወይ ድምፁ ይወርዳል፣ ወይ አንተ ትወርዳለህ።»

ይመር ጎማውን ዞሮ ተመለከተ። ሚስቱ ገና የሦስት ሳምንት አራስ ናት፤ ምን ብሎ ቤቱ ይግባ? የጋራዡ መካኒክ አሊጋዝ ግን ትከሻውን ቸብ አደረገውና «አብሽር፣ ዛሬ አብሬያችሁ ወጥቼ ራሴ አዳምጠዋለሁ» አለው። አሊጋዝ ድምፅ የሚያዳምጠው በካቻቢቴ ነው። ጫፉን ብረቱ ላይ ያስነካል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በቃ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ ይነግርሃል።

ሦስቱም የሐረጎን ዳገት ወጡና መልሰው ቁልቁል ተያያዙት። ይመር መሪው ላይ ነው። አቶ አረጋኸኝ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ቦታቸውን ይዘዋል። አሊጋዝ ምስኪኑ በሁለቱ መሀል ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ፣ ካቻቢቴውን የወለሉ ላሜራ ላይ ተክሎ ያዳምጣል።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቋ አለ።

«ቅርብ ነው» አለ አሊጋዝ።

ሁለተኛው ላይም ቋ።

«ኧረ በጣም ቅርብ ነው» አለና እጁን በጋቢው ሥር ሰዶ ወለሉን ይዳብስ ጀመር።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከፊት ለፊት አውቶቡስ ብቅ አለ። ይመር ፍሬን ያዘ። ቋ የሚባል ነገር የለም። በቋ ፋንታ የተሰማው አሊጋዝ ነው፤ «ያ አላህ፣ ጣቴን!» ብሎ ሐረጎን አናወጠው።

አቶ አረጋኸኝ በደስታ ፊታቸው በራ። «ሰማህ ይመር? ድምፁ ጠፋ እኮ። ምኑን ነካኸው አሊጋዝ?»

«እኔ አልነካሁትም ጋሼ፣ እሱ ነው የነካኝ» አለ አሊጋዝ እያቃሰተ። «አሁንም ጣቴ ላይ ነው ያለው።»

ይመር መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ጋቢውን ገለጥ ቢያደርገው፣ የአቶ አረጋኸኝ ቀኝ እግር ከነከባድ ጫማው የአሊጋዝን ጣት ከላሜራው ጋር አጣብቆታል። ለካ ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ኩርባ በመጣ ቁጥር፣ ፔዳል በሌለበት ባዶ ወለል ላይ፣ እግራቸውን በጋቢያቸው ሥር ደብቀው ፍሬን ይይዙ ኖሯል። መኪናው ቆሞ እንኳ እግራቸውን አላነሱም። ያ የላላ ላሜራ በረገጡት ቁጥር ሲጮህ፣ ኩሽኔታና ባሌስትራ በከንቱ ተፈታ።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይቅርታ ይላል። አቶ አረጋኸኝ እቴ። እግራቸውን ቀስ ብለው አነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ይመር ላይ አፈጠጡበት።

«ታዲያስ? አዎ እረግጣለሁ። ይልቅ ዕድሜ ለእግሬ በል። እኔ ከዚህ ሆኜ ባልይዝልህ፣ አንተ በዚህ አነዳድህ ይሄኔ ሐረጎ ገደል ገብተህ ነበር።»

ይመር ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሽ አስገባና፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል በትሕትና መለሰላቸው።

«ልክ ነዎት ጋሼ። እርስዎ ቤት የዋሉ ቀንማ ሁልጊዜ ገደል ገብቼ ነው የምመለሰው።»

አሊጋዝ ጣቱን እፍ እፍ ማለቱን ትቶ በሳቅ ፈረሰ። አቶ አረጋኸኝ ሁለቱንም እግራቸውን ወንበሩ ላይ አወጡና፣ ጋቢያቸውን ጠቅለል አድርገው «በል ንዳ» አሉ።