የእማማ ዘምዘም ላም እና አልከፍትም ያለው ቁጥር

አንዲት ላም ጠፋች ልበላችሁ፤ እናንተ ደግሞ "የት ገባች?" በሉኝ። የት እንደገባች ለጊዜው ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ አብረን እንፈልጋት።

ደሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ ትብለጥ የምትባል ሴት ትንሽ የማተሚያ ሱቅ አላት። አንድ ጠዋት እማማ ዘምዘም ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ስልኩ ላይ የአንዲት ግራጫ ላም ፎቶ ነበር።

"ልጄ፣ ዳልቻ ከትናንት ጀምሮ ጠፍታብኛለች። ልትወልድ ሳምንት ነው የቀራት። ነገ ደግሞ የከብት ገበያ ነው፤ ክፉ ሰው ካገኛት ይሸጣታል። ፎቶዋና ስልክ ቁጥሬ ያለበት አንድ ማስታወቂያ አውጪልኝ።"

"በእጄ ብጽፍልዎትስ?"

"ግራጫ ላም ስንት አለ? ፊቷ ካልታየ ማን ይለያታል?"

ትብለጥ ማተሚያውን አበራች። ማተሚያው ማስታወቂያ አልሰጥም አለ፤ እማማ ዘምዘም ደጁን አልለቅም አሉ።

ማተሚያው ምንም አልሆነም ነበር። የሚያዘው የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሙከራ ጊዜው አልቆ "የፈቃድ ቁጥር ያስገቡ" ብሎ ቆሟል። ፕሮግራሙ ማተሚያውን አላዝም አለ፤ ማተሚያው ማስታወቂያ አልሰጥም አለ፤ እማማ ዘምዘም ደጁን አልለቅም አሉ።

"ቁጥሩን እኮ ትናንት በቴሌግራም ገዝቻለሁ!" አለች ትብለጥ፤ ጻፈችውም። ኮምፒውተሩ "ይህ ቁጥር አይሠራም" አላት። ሁለተኛ ጻፈች፤ አይሠራም። ሦስተኛ ጻፈች፤ አይሠራም። በአራተኛው እማማ ዘምዘም ራሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው ቁልፉን ተጫኑት። አሁንም አይሠራም።

ቁጥሩ ፕሮግራሙን አልከፍትም አለ፤ ፕሮግራሙ ማተሚያውን አላዝም አለ፤ ማተሚያው ማስታወቂያ አልሰጥም አለ፤ እማማ ዘምዘም ደጁን አልለቅም አሉ።

ትብለጥ ለሻጩ ጻፈችለት። ሻጩ ወዲያው መለሰ፦ "እህቴ፣ የማንቀሳቀሻ ክፍያ ስላልከፈልሽ ነው። ክፍያውን ላኪ። ከባንክ ስልክሽ ላይ የሚመጣውን የምስጢር ቁጥርም ጻፊልኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልላክሽ ቁጥሩ ይቃጠላል።"

"ይቃጠላል?" አሉ እማማ ዘምዘም፤ ወንበራቸውን ከኮምፒውተሩ ትንሽ አራቁ።

"እንዲህ አይነት ክፍያ አልነገረኝም ነበር" አለች ትብለጥ። ግራ ገባት። ልትልክ ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሳች።

"ሰውየውን ታውቂዋለሽ?"

"እኔ አላውቀውም። ጋሽ ይመር ናቸው ጥሩ ነው ያሉኝ።"

"እንግዲያ ሂጂና ጠይቂያቸዋ! እኔ ከዚህ አልንቀሳቀስም።"

ሻጩ ቁጥሩን አላስተካክልም አለ፤ ቁጥሩ ፕሮግራሙን አልከፍትም አለ፤ ፕሮግራሙ ማተሚያውን አላዝም አለ፤ ማተሚያው ማስታወቂያ አልሰጥም አለ፤ እማማ ዘምዘም ደጁን አልለቅም አሉ።

ጋሽ ይመር ጎረቤት ያለው የፎቶ ቤት ባለቤት ናቸው።

"ጋሽ ይመር፣ ያ ሻጭ ጥሩ ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ነው፣ ነው፣ ጥሩ ነው" አሉ ጣሪያውን እያዩ።

"የእርስዎ ቁጥር ይሠራል?"

"እ... ይሠራል እንጂ።"

"በሉ የእማማን ማስታወቂያ እዚህ ላውጣው።"

"ቀለም አልቆብኛል።"

"ሰውየውን ግን ያውቁታል?"

"እኔ እንኳ አላውቀውም። የነገረችኝ ከድጃ ናት።"

ጋሽ ይመር ሰውየውን አላውቀውም አሉ፤ ሻጩ ቁጥሩን አላስተካክልም አለ፤ ቁጥሩ ፕሮግራሙን አልከፍትም አለ፤ ፕሮግራሙ ማተሚያውን አላዝም አለ፤ ማተሚያው ማስታወቂያ አልሰጥም አለ፤ እማማ ዘምዘም ደጁን አልለቅም አሉ።

ከድጃ የጽሕፈት መሣሪያ ትሸጣለች፤ ፎቶ ኮፒም ታነሳለች። ትብለጥ ስትጠይቃት የተደረደሩትን ደብተሮች አውርዳ እንደገና መደርደር ጀመረች።

"በጣም ጥሩ ሻጭ ነው። የእኔ ማተሚያ ግን ዛሬ አሞታል" አለች።

"ምኑን?"

"እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ? ለማንኛውም ሰውየውን አላውቀውም፤ የነገረኝ አንዷለም ነው።"

ከድጃ አላውቀውም አለች፤ ጋሽ ይመር አላውቀውም አሉ፤ ሻጩ ቁጥሩን አላስተካክልም አለ፤ ቁጥሩ ፕሮግራሙን አልከፍትም አለ፤ ፕሮግራሙ ማተሚያውን አላዝም አለ፤ ማተሚያው ማስታወቂያ አልሰጥም አለ፤ እማማ ዘምዘም ደጁን አልለቅም አሉ።

አንዷለም መንገዱ ጫፍ ላይ ኢንተርኔት ቤት አለው። የትብለጥን ጥያቄ ሰምቶ አፍጥጦ አያት።

"እንዴ! እኔ አንቺን አምኜ አይደል የገዛሁት?"

"እኔን?"

"አዎ፣ አንቺን። ሻጩ 'ጎረቤትህ ትብለጥ ከእኔ ገዝታ ደስ ብሏት እየሠራችበት ነው' ብሎ ጻፈልኝ። ትብለጥ ከገዛችማ ብዬ ነው።"

"መቼ ነው የጻፈልህ?"

"ወር አለፈው።"

"አንዷለም፣ እኔ የገዛሁት ትናንት ነው!"

ትብለጥ በጣቶቿ ቆጠረች። እሷ ጋሽ ይመርን አመነች፤ ጋሽ ይመር ከድጃን አመኑ፤ ከድጃ አንዷለምን አመነች፤ አንዷለም እሷን አመነ። ዞራ ዞራ ራሷ ላይ ደረሰች። በመካከላቸው ሻጩን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

"የእኔ ቁጥር አይሠራም" አለች ቀስ ብላ።

አንዷለም በሩን አየት አደረገ። "የእኔም ሠርቶ አያውቅም። በኮምፒውተር የምተዳደር ሰው ተታለልኩ ብል ምን ይሉኛል ብዬ ነው ጥሩ ነው ያልኩት።"

አንዷለም እውነቱን ሲናገር ከድጃ "የእኔም አይሠራም" አለች፤ ከድጃ ስትናገር ጋሽ ይመር "ቀለም እንኳ ሞልቶኛል፤ ቁጥሩ ነው እንቢ ያለኝ" አሉ። አራቱም ትብለጥ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። የትብለጥ ስልክ ጮኸ። "አምስት ደቂቃ ቀረሽ" ይላል ሻጩ።

"ይቃጠል!" አለች ትብለጥ። ክፍያውንም አልላከችም፤ የምስጢር ቁጥሩንም አልጻፈችም። ለባንኳ ደወለች። ከድጃ ሻጩ ለአራቱም የጻፈውን ሰብስባ ወደ ፖሊስ ሄደች። የከፈሉት ይመለስ አይመለስ ግን እስካሁን አልታወቀም።

"ዳልቻስ?" አሉ እማማ ዘምዘም።

አንዷለም ሻጩ የላከውን ሊንክ ትቶ የፕሮግራሙን ሠሪ ድርጅት አድራሻ ራሱ ጻፈ። እዚያ ገጽ ላይ ድርጅቱ እንዲሸጡለት የፈቀደላቸው ሱቆች ስም ተዘርዝሯል። አንዱ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ነው! ትብለጥ ሮጠች። ሱቁን በዓይኗ አየች፤ ሻጯን ፊት ለፊት አነጋገረች፤ በስሟ የተጻፈ ደረሰኝ ተቀበለች።

ሻጯ ቁጥሩን ሰጠች፤ ቁጥሩ ፕሮግራሙን ከፈተ፤ ፕሮግራሙ ማተሚያውን አዘዘ፤ ማተሚያው ማስታወቂያውን ሰጠ፤ እማማ ዘምዘም ደጁን ለቀቁ።

ማስታወቂያውን መንገድ ዳር ባለ የመብራት ምሰሶ ላይ ለጥፈው ወደ ሱቁ እንደተመለሱ ስልካቸው ጠራ። አንድ የማያውቁት ሰው ነበር።

"እማማ፣ አሁን ማስታወቂያውን አየሁት። ላምዎ እዚሁ አቅራቢያ፣ እኔ ግቢ ናት። ጎመኔን ሙልጭ አድርጋ በልታዋለች። የጎመኑን ካሳ በስልክ ይላኩልኝና መጥተው ይውሰዷት።"

ትብለጥ "እሰይ!" ብላ ዘለለች። እማማ ዘምዘም ግን በእጃቸው ዝም አሰኟት።

"አንተን አላውቅህም" አሉ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው። "መጀመሪያ ላሜን አሰማኝ።"

"ምን?"

"ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት!"

ሰውየው እያጉረመረመ ሲራመድ ተሰማ። እማማ ዘምዘም "ዳልቻ! ዳልቻዬ!" ብለው ተጣሩ።

"እምቧ!" አለ ስልኩ።

"እሷ ናት!" አሉ እማማ ዘምዘም፤ እንባቸው መጣ። "ካሳህን በእጄ ይዤ እየመጣሁ ነው። ደረሰኝ አዘጋጅ!"