የተውሶ ጥላ

አንድ አለቃ ነበሩ፤ ስማቸው አለቃ ወልደ ሰንበት፣ የሚያስተዳድሯት ደብርም በወንዝ ዳር ያለች ትልቅ ደብር። ድምፃቸው መረዋ፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ምን አላቸው ምን የላቸውም ብትሉ፣ የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጳጳስ የሚቀበሉበት የክብር ጥላ።

የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ የአካባቢውን ሰባት አጥቢያዎች ሊጎበኙ እንደሚመጡ የተሰማ ጊዜ፣ አለቃ ተራራ ላይ ወዳለችው ትንሽ አጥቢያ ሰው ላኩ። እዚያ አንድ ያማረ ጥላ አለ። የተራራው ሴቶች ሁለት ክረምት ሙሉ በወርቅ ክር የጠለፉት ነው፤ ውስጡ የተቀደደ ጊዜም አንዲት ሙሽራ ከገዛ ቀሚሷ አረንጓዴ ጨርቅ ቀድዳ ጥፋዋለች። የተራራው አገልጋይ ቄስ አድማስ ምንም ሳያንገራግሩ ሰጡ። «እኛ ዘንድ የሚመጡት በመጨረሻ ነው፤ ብቻ ቀደም ብላችሁ መልሱልን» አሉ።

ይህን የሰሙት ሌሎቹ አምስት አጥቢያዎችም «ለእኛስ?» አሉ። እናም ጥላው በአቋራጭ መንገድ ጳጳሱን እየቀደመ ከደብር ደብር ዞረ። ጳጳሱ በየደረሱበት ከሥሩ ቆመው «እንዲህ ነው እንጂ አባትን መቀበል!» እያሉ መረቁ። ያው አንድ ጥላ መሆኑን ግን አላወቁም። ጥላ ሥር የቆመ ሰው መቼ ቀና ብሎ ያያል?

ስድስተኛዋ የአለቃ ደብር ነበረች። ጥላው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ተራራው መላክ ነበረበት። አለቃ ግን «ጳጳሱን እስከ ወንዙ ልሸኝበት፤ ከዚያ ይደርሳል» አሉ። ሲሸኙም ጳጳሱ ጠጋ ብለው «ሊቀ ካህናት ላደርግህ አስቤአለሁና ወደ ተራራው አብረኸኝ ውጣ» አሏቸው። አለቃ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። ጥላውን የሚያስቀድሙበት ጊዜ ሲያልፍባቸው፣ ጳጳሱ እንዳያዩት በአንሶላ ጠቅልለው በበቅሎአቸው ላይ ጫኑትና ተከተሉ።

የተራራው ሰው በከበሮና በእልልታ ወጣ። ጥላ የለም። ያ የሰኔ ዝናብም በዚያችው ሰዓት ወረደ።

«ቄስ አድማስ፣ ጥላችሁ የታለ?» አሉ ጳጳሱ።

«ዛሬ እጃችን ላይ የለም፤ ይቅር ይበሉን አባታችን።»

«ስድስቱ እንዲያ ሲያከብሩኝ! አባቷን የምታስጠልልበት የሌላት አጥቢያ ለምን ትቆማለች? ከወንዝ ዳሯ ደብር ጋር ትጠቃለል፤ ታቦታችሁም ወደዚያ ይውረድ!»

«ኧረ በእመቤታችን!» ብለው ሴቶቹ አለቀሱ። ቄስ አድማስ ዞር ሲሉ ዓይናቸው በቅሎዋ ላይ አረፈ። የወርቁ ዘርፍ ከአንሶላው ሥር ብቅ ብሏል። አለቃን አንድ ጊዜ ብቻ አዩአቸው፤ ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ። ሰው በሰው ፊት ማዋረድ አልፈለጉም።

አለቃ ሹመታቸውን አሰቡ። «ዝም አይነቅዝም» አሉ በልባቸው። የዚያን ቀኑ ዝምታ ግን እዚያው አፋቸው ውስጥ ነቀዘ። ፊታቸው በዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ እንደ እሳት ነደደ፤ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አሉ።

ቄስ አድማስ ይኼኔ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው በሁለት እጃቸው ከጳጳሱ ራስ በላይ ዘረጉ። ዝናቡ ያን ያረጀ ገላቸውን ይገርፈው ጀመር። እዚህ ላይ አለቃ አልቻሉም። ሮጠው ጥላውን ፈቱና ዘረጉት።

«አባታችን፣ ይኸው ጥላቸው። ስድስታችንም የተቀበልንዎት በዚህ ነው። በጊዜው ያልመለስኩት እኔ ነኝ፤ ሲቆጧቸውም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ጳጳሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩ። የሙሽራዋን አረንጓዴ ጨርቅ አዩ። «ስድስት ቦታ ከሥሩ ስቆም አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላልኩም። አፈርኩ። ታቦታችሁ ከዚህ ንቅንቅ አይልም» አሉ። ጋቢውን በገዛ እጃቸው ለቄስ አድማስ መልሰው ደረቡላቸው፤ ከጥላውም ሥር ሳይገቡ ዝናብ እየመታቸው ባረኩ።

አለቃ የሚሰድባቸው ሰው ፈለጉ። ማንም አልሰደባቸውም። ሊለያዩ ሲሉ ቄስ አድማስ የአለቃን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር ይስጥልን አለቃ፣ ጥላችንን በደኅና መለሱልን» አሏቸው። ስድብ ቢሆን በቻሉት ነበር። ያቺ ምስጋና ግን እስኪሞቱ ድረስ አልለቀቀቻቸውም፤ ጥላ በተዘረጋ ቁጥር አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ያደምቃል እንጂ፣ ለጊዜውማ አሳምሮ ያደምቃል! ጣጣው ያ ነው። ተውሶ መድመቅ ነውር አይደለም፤ ያዋሰህ ሰው ራቁቱን ቀርቶ ሲሰደብ፣ አንተ ደምቀህ ዝም ማለትህ ግን ከስርቆት ይብሳል።

ወዳጄ፣ ዛሬ አንተን ያስጠለለህን ጥላ ማን ጠለፈው? እስቲ ቀና በል። ባለቤቱስ አሁን ዝናብ ላይ ቆሞ ይሆን?