የሳህሌ ጎፈሬ

በሰፈራችን አንድ ሰው ለመልኩ ሲጨነቅ ደህና ነገር ሊያመልጠው ሲል፣ ትልልቆቹ እርስ በርስ ይተያዩና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ልጆቹ ከጥንት የመጣች ትመስላቸዋለች። የጥንት አይደለችም፤ የተባለችለት ሰው ዛሬም ከአስፋልቱ ማዶ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። እኔ ጎረቤቱ ነኝና፣ የነገሩንም ሽታ በአጥር በኩል ስካፈል ስለከረምኩ፣ ባወራው አይቀየመኝም።

ሳህሌ ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ሠርቶ አዳሪ ነው። ጸጉሩ ግን ገና በሠላሳዎቹ ከግንባሩ ማፈግፈግ ጀመረ። ቀጥሎ አናቱ ላይ ሌላ ሜዳ ተከፈተ። ሁለቱ ሜዳዎች ሊገናኙ ሲሉ ሳህሌ ኮፍያ ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን ያየ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በኮፍያ መግባት ነውር ስለሆነ፣ ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። ቄሱ ትሕትና መስሏቸው ለሌላው ምሳሌ ያደርጉት ነበር።

ችግር የመጣው ብርዛፍን ሲወድ ነው። ብርዛፍ አስተማሪ ናት፤ ለክፍሏ ሰሌዳ ሚስማር ልትገዛ ገብታ ነው የተዋወቁት። ሽማግሌ ተላከ፣ ቤተሰቧም ደስ ብሎት ተቀበለ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሳህሌ ራሱ ገጠር ወርዶ፣ ያሳደጓት አያቷ አባባ ዘበርጋ ፊት ይቀርባል። እሳቸው ከመረቁት የሠርጉ ቀን ይቆረጣል፤ ካልመረቁት ብርዛፍ እንደሆነች የእሳቸውን ቃል አታልፍም። አባባ ዘበርጋ ፊት ደግሞ ኮፍያ አድርጎ የሚቀመጥ የለም።

ሳህሌ ይህን የሰማው ጥምቀት እንዳለፈ ነው። በቀጥታ ጸጉር አስተካካዩ ደሳለኝ ዘንድ ሄደ። ደሳለኝ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ተቀባ አለው። ተቀባ። ሱቁ የገባ ሰው ሁሉ ዓይኑን እያበሰ ይወጣ ጀመር፤ አንዲት ደንበኛ እንዲያውም ሐዘን ደርሶበት መስሏት ነፍስ ይማር ብላው ሄደች። ሽንኩርቱ እንቢ ሲል የጉሎ ዘይት መጣ። እሱም በትራሱ፣ በአንሶላው፣ በእኔም ግቢ በተሰጣው ልብስ ላይ ቀረ እንጂ አናቱ ላይ ያበቀለው ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ ያደረገውን በመጀመሪያ ቢያደርገው ይሻል ነበር፤ ፋርማሲ ሄደ። ባለሙያዋ አልዋሸችውም። የሚቀባ መድኃኒት አለ፣ ብዙ ሰው ይጠቀመዋል፤ ግን ሥሩ የሞተ ቦታ ላይ ጸጉር አይተክልም፣ ያለውን ነው የሚያበረታው። ለውጡም በወራት ነው የሚታየው፤ ሲያቋርጡት ደግሞ ያተረፉት ተመልሶ ይሄዳል። የሚዋጥም አለ፣ እሱ ግን ሐኪም አይቶ ሲያዝ ነው አለችው።

"ለዳግማይ ትንሣኤ ይደርስልኛል?" አላት።

"የትኛው ዓመት ዳግማይ ትንሣኤ?" አለችው።

ያም ሆኖ ገዛ። ሲቀባ ሰነበተና አንድ ጠዋት ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ጸጉር ቢያይ ከድሮው በዝቷል። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ባለሙያዋ ነግራው ነበር፤ ግን የቸኮለ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው። ጠርሙሱን ወረወረና ጸጉር ያበቅላል የተባለ፣ ቀይ ብርሃን የሚረጭ ማበጠሪያ ከአዲስ አበባ አስመጣ። እሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። የሰፈራችንን መብራት ለምታውቁት ሌላ ማለት አያስፈልገኝም፤ የሳህሌ ጸጉር ከብርሃኑ ይልቅ ጨለማውን ለመደ።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ደሳለኝ አንዲት ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ውስጧ ጥቁር ዱቄት አለ። ከቀረችው ስስ ጸጉር ላይ ሲነሰነስ ክር ከክር ይይዝና ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ይመስላል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እውነትም ይመስላል። ሳህሌ በኮፍያው ፋንታ ጎፈሬ ደፍቶ ወጣ። በሰፈሩ መሀል ሦስቴ ተመላለሰ፤ የሚሸጠው ሚስማር እንኳ ተረስቶ ነበር። እኔም መልካም ነው አልኩት፤ ምን ልበል?

ቀኑ ሲደርስ ታላቅ እህት ስለሌለው እኔን ይዞ ሄደ። እዚያ ቤት ዘመድ አዝማዱ ሞልቶ ጠበቀን። ብርዛፍ ያለ ኮፍያ ስታየው ትንሽ ደነገጠች፤ ግን ቦታ አሳየችን። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ አክስቷ እትዬ አመለወርቅ በኮባ ቅጠል ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። ለካ የዚያ ቤት ምርቃት በባዶ እጅ አይሆንም፤ የሚመረቀው ሰው ይንበረከካል፣ አያትየው አናቱን በቅቤ ይቀቡታል።

ሳህሌን አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ደሳለኝ፣ ዱቄቱ ውኃ ይችላል፣ ላብ ይችላል፣ ቅባት ከነካው ግን ይለቃል ብሎኛል" አለኝ። እንግዲህ እኔ ምን ላድርግለት?

አባባ ዘበርጋ ዓይናቸው ደክሟል። እጃቸውን ዘርግተው፣ "ና ልጄ፣ ራስህን አቅርብልኝ" አሉ።

ሳህሌ አልተነሣም። ጾም ላይ ነኝ፣ ቅባት አልነካም አለ።

"በሃምሳው?" አለች እትዬ አመለወርቅ። "እሮብና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት? የየት አገር ጾም ነው?"

ሰው ሳቀ። ሳህሌ ቀጥሎ ሐኪም ከልክሎኛል አለ፤ ምን አሞህ ሲሉት በሽታ አጣ። መውጫ ሲያጣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ፣ "አባባ፣ ጉልበቴን ይቀቡኝ" አላቸው።

"ልጄን የማጋባት ከጉልበትህ ጋር ነው?" አሉ አባባ ዘበርጋ።

አሁን የሳቀ አልነበረም። ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው ሰበሰቡና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። አንዱ አጎቷ፣ ምርቃታችንን ከተጸየፈ ዘመድነታችንን ምን ያደርገዋል እያለ ከዘራውን ፈለገ። እትዬ አመለወርቅ ቅቤውን ይዛ ወደ ጓዳ ልትመለስ ዞረች። እኔ በልቤ፣ ይኸው በአንድ ቆርቆሮ ዱቄት ትዳር ፈረሰ አልኩ።

ይኼኔ ብርዛፍ አክስቷን በእጇ አስቆመቻት። ሳህሌ ፊት መጥታም ቁጢጥ አለች።

"የምትፈራው ቅቤውን ነው እኛን?" አለችው።

ሳህሌ አያት። ከዚያ ያን ሁሉ ወር ሲሸሸው የከረመውን ነገር ተወውና ተነሥቶ አባባ ዘበርጋ እግር ሥር ተንበረከከ። "ይቀቡኝ፣ አባባ፤ የሆነው ይሁን" አለ።

ሽማግሌው ከቅቤው ዛቅ አድርገው አናቱ ላይ ጣል አደረጉና ማሸት ጀመሩ። ዘርህ ይብዛ፣ ደጅህ አይዘጋ እያሉ ሲያሹ ጎፈሬው ከመሀል መሸሽ ጀመረ። ጥቁር ወዙ በግንባሩ ወረደ፣ በአፍንጫው ዞረ፣ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ደረሰ። አባባ ዘበርጋ መረቁ፣ አሹ፤ አሹ፣ መረቁ፤ በመጨረሻ መዳፋቸው ልሙጥ ነገር ላይ ሲንሸራተት ቆም አሉ።

"አንቺ አመለወርቅ፣ አሁን እዚህ ጸጉር አልነበረም?"

"ነበረ አባባ። በእርስዎ እጅ ላይ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳህሌ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ብርዛፍ በነጠላዋ ጫፍ ከዓይኑ ላይ ጥቁሩን እየጠረገች፣ "በዚያ ሁሉ ሐሩር ኮፍያህን ሳታወልቅ ስትቀር የማላውቅ መሰለህ? እኔ እኮ እሺ ያልኩት ከሥሩ ያለውን አስቤ ነው" አለችው። ሳህሌ ያን ጊዜ ቀና አለ፤ እንደዚያ ሆኖ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

አጎቷ ከዘራውን መልሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አባባ ዘበርጋ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም፤ የተረፈውን ቅቤ እንዳለ ዛቁና ያንን ባዶ አናት እስኪያበራ አጠጡት፤ ከዚያ እጃቸውን ሳያነሡ ወደ ሰዉ ዞር ብለው፣ "ልጆቼ፣ ቅቤ ከሚሸሽ ጎፈሬ፣ ቅቤ የጠጣ መላጣ ይሻላል" አሉ።