ያልተመረቀው ሪሞት

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የላሙን በረት ግን ዛሬ ተዉት፣ ነገሩ የሆነው ሆስፒታል ነው።

ወይንሸት የምትባል የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የራጅ ባለሙያ ነበረች። አልጋ ለያዘ በሽተኛ ማሽኑን እየገፋች ክፍሉ ድረስ ትሄዳለች። «ላነሳ ነው» ስትል ሐኪሙም አስታማሚውም ውልቅ ይላሉ። እሷ ግን የምትጫነው ቁልፍ ገመድ አጭር ነውና ጨረሩ አጠገብ ትቀራለች። ለልጇ ትፈራለች፤ እንቅልፍ አጥታለች። ከግድግዳ ጀርባ ሆነው የሚጫኑት ገመድ አልባ ሪሞት መጥቷል ሲሏት ወደ ዕቃ ቤት ከነፈች።

«ጋሽ ይርዳው፣ ሪሞቱን ይስጡኝ።»

«ያልተመረቀ ዕቃ አላወጣም። ሥራ አስኪያጁ ይዘዙኝ።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ከነፈች። «ይዘዙልኝ፤ እርስዎ ካላዘዙ ጋሽ ይርዳው አይሰጡም።»

«ሪባን ሳይቆረጥ አላዝም። ቆራጩ ደግሞ ጋሽ ደምመላሽ ናቸው።»

ጋሽ ደምመላሽ የከተማው ሽማግሌ ናቸው፤ እዚያው ሆስፒታል ተኝተው ይስላሉ። «አባባ፣ ይቁረጡልኝ። እርስዎ ካልቆረጡ ሥራ አስኪያጁ አያዙም፤ እሳቸው ካላዘዙ ጋሽ ይርዳው አይሰጡም።»

«ሐኪሙ ከአልጋ አትውረድ ብሎኛል፣ ልጄ።»

ሐኪሙ እዚያው ነበር። «ዶክተር፣ ያውርዷቸው። እርስዎ ካላወረዱ አባባ አይቆርጡም፤ አባባ ካልቆረጡ ሥራ አስኪያጁ አያዙም፤ እሳቸው ካላዘዙ ጋሽ ይርዳው አይሰጡም።»

«ራጃቸውን ሳላይ አላወርድም። ማሽኑን አምጪና አንሺያቸው» አለና ሊወጣ ተነሳ።

ወይንሸት በጣቷ ቆጠረቻቸው። ከዚህ ሁሉ ሰው «እምቢ» ያላለች እሷ ብቻ ነበረች።

«ራጅ ካላዩ አያወርዱም፤ ካላወረዱ አባባ አይቆርጡም፤ ካልቆረጡ ሥራ አስኪያጁ አያዙም፤ ካላዘዙ ጋሽ ይርዳው አይሰጡም። ጋሽ ይርዳው ካልሰጡ እኔም አላነሳም» አለች።

ሽማግሌው ሆዷን አዩና «ጥሩልኝ ያንን ሥራ አስኪያጅ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ መጡ። «ሪሞቱን ተኝቼ መርቄዋለሁ» አሏቸው ሽማግሌው።

«ሪባኑስ፣ ጋሼ?»

«አንተው ቁረጠው። እኔ ሥራ አለብኝ፣ እስላለሁ።»

ሽማግሌው መረቁ፣ ሥራ አስኪያጁ አዘዙ፣ ጋሽ ይርዳው ከፈቱ፣ ሪሞቱ ከነላስቲኩ ወጣ። ሐኪሙ ወጣ፣ አስታማሚው ወጣ፣ ወይንሸትም ወጣች። ከግድግዳው ጀርባ ቆማ ተጫነች። ክፍሉ ውስጥ ከበሽተኛው በቀር ማንም አልነበረም።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ወይንሸት አራስ እስክትሆን አቆዩላት።